ጋዶናችን ብዙ ይጎድለዋል

ባሌ ታክ ሙንሆ ጨው መጠየቅ አይችልም። ምላሱ ታሞ አይደለም፤ "ጨው" የሚለው ቃል አልበቃ ብሎት ነው። ኑድል ቤት ይቀመጥና ቅድመ አያቶቻችን የተዉትን ቃል ከየት እንደሆነ እንጃ አውጥቶ ለአስተናጋጇ ይነግራታል። ልጅቷ "እሺ አባባ" ብላ ትሄዳለች፤ ጓዳ ገብታ ከአሠሪዋ ጋር ትመካከራለች፤ ከዚያ ሂሳብ ይዛ ትመጣለች። እኔ ተነስቼ ከጎረቤት ጠረጴዛ ጨዉን አመጣለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርነው እንዲህ ነው፤ በመሃል የሚቀዘቅዘው ደግሞ ሁልጊዜ የእኔ ሾርባ ነው።

አንዶንግ ከተማ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ የአበባ ሱቅ አለን። ለሠርግ፣ ለቀብርና ለአዲስ ሱቅ ምረቃ የሚቆሙትን ባለ ሦስት ደርብ አበባዎች የምሠራው እኔ ነኝ። በግራና በቀኝ የሚንጠለጠለው ሪባን ላይ የሚጻፈውን የሚመርጠው እሱ ነው። ሰው መጥቶ "ገበያው ይድራላችሁ በልልኝ" ይለዋል። ቀላል ነገር ነው፤ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይጽፈዋል። ሙንሆ ግን ብሩሹን ያነሳና የቻይና ፊደል ይደረድርበታል። አንድ ዶሮ ጠባሽ እንዲህ ያለውን ሪባን ለቀናት ደጁ ላይ አቁሞ ከቆየ በኋላ ተቆጥቶ መጣ። ሰው እያየ የሚመለሰው የቀብር መስሎት ነው፣ ምን ብላችሁ ነው የጻፋችሁብኝ አለን። ሙንሆ ሳይከፋው፣ እንዲያውም በጥያቄው ደስ ብሎት፣ ፀሐይ ስትወጣ ጤዛው እንደሚረግፍ፣ ችግርም እንደዚያ መሆኑን አስረዳው። ዶሮ ጠባሹ እስከ መጨረሻው አዳመጠና "ታዲያ ዶሮው የታለ?" አለ። ገንዘቡን መለስኩለት።

ሰው የማያውቀው ቃል ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። አንዳንዱ የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። የሰፈራችን ፋርማሲስት እንዲህ ነው፤ ሙንሆ ስለ ሆድ ድርቀቱ በዚያ አነጋገሩ ሲያወራለት "እውነት ነው፣ እውነት ነው" ይልና የሳል ሽሮፕ ይሰጠዋል። አንዳንዱ የተሰደበ መስሎት ፊቱን ያጠቁራል። አንድ የታክሲ ሹፌር ሬዲዮኑን አጥፍቶ በጥሞና ሲያዳምጠው መታጠፊያውን አልፎ ሌላ ከተማ ሊያደርሰን ነበር። የሚስቁት ይሻላሉ። ሥጋ ቤት ያላት ጎረቤቴ ፒልሱን ባየችኝ ቁጥር "የዩንቴ እናት፣ ማታ የሚልሽ የሚገባሽ ሲነጋ ነው አይደል?" ትለኛለች። እኔም "ሲገባኝማ እሱ ተኝቶ ነው" እላታለሁ። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከልቤ ነው ግን አልልም።

ይህን አነጋገር ማን እንዳስለመደው አውቃለሁ። ልጅ ሳለ አያቱ አጠገባቸው አስቀምጠው የቻይናውን ፊደል ያስጠኑት ነበር። አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ማተሚያ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። የተከበሩ ሽማግሌዎች ሱቃችን መጥተው ወንበር ስበው ከእሱ ጋር የሚያወጉት ለዚያ አፉ ሲሉ ብቻ ነው። ቃላቱ ክት ልብሱ ናቸው። ይህን አውቅለታለሁ፣ አዝንለታለሁም። ግን ክቱን ለሥራም ለመኝታም የሚለብስ ሰው ያናድዳል።

ከቃላቱ ሁሉ ደሜን የሚያፈሉት የትሕትናዎቹ ናቸው። በድሮው ሥርዓት ሰው የራሱን ነገር ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው፤ ሚስቱንና ልጁን በሰው ፊት የሚያሞግስማ እንደ ጅል ይቆጠራል። ሙንሆ እንግዳ ሲመጣ እኔን "ኡቼዬ ናት" ብሎ ያስተዋውቀኛል። እኔም "ወይዘሮ" እንደማለት መስሎኝ ለዓመታት ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሳ ኖርኩ። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ መምህር ሳቃቸው አመለጣቸውና ጉዱን ሰማሁ፤ ኡቼ ማለት "ቂሏ ሚስቴ" ማለት ነው። ያን ሳምንት ሙንሆ ሩዝ ከጎምዛዛው የጎመን ኪምቺ ጋር ብቻ በላ።

አንድያ ልጃችንን ዩንቴን ደግሞ "ጋዶን" ይለዋል። የቤቴ አሳማ ማለት ነው፤ በቻይናው ፊደል ጋ ቤት፣ ዶን አሳማ ነው። ሰው ሁሉ በየቀኑ በሚያወራው ቋንቋችን ግን ዶን ገንዘብ ነው። ዩንቴ የጋዶንን ትርጉም ተማሪ ሳለ መዝገበ ቃላት ላይ አግኝቶት መጣ። "እማ፣ እኔ አሳማ ነኝ?" አለኝ። ትሕትና ነው አልኩት። "ለማን?" ብሎ ጠየቀኝ። እጅህን ታጠብ፣ ራት ደርሷል አልኩት።

ዩንቴ አድጎ ቁጥብ ሰው ሆነ። ወደ ባሕሩ ወርዶ ጉርዮንግፖ ወደብ ላይ የዓሣ አጥማጆችን የበረዶ ማሽን ይጠግናል። ናሪን ያገኛት እዚያ ነው። አባቷ ኩክ ፓንሶክ ጀልባ አለው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ከሚስቱ ጋር ዓሣ አድርቆ ይሸጣል። ልጅቷ መጀመሪያ ቤታችን የመጣች ጊዜ ሙንሆ ስሟ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ጠየቃት። "በምንም አይጻፍም አባባ፣ አበባዋ ናት" አለችው፤ ናሪ በእኛ ቋንቋ ሊሊ ናት። እሱ ፊደል የሌለው ስም ስላላት ቀኑን ሙሉ አዘነላት። እኔ አበባ ሻጭ ነኝ፤ እዚያው ወደድኳት።

ሁለቱ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚበሉበት ቀን ሲቀጠር እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የሠርጉ ቀን ለፀደይ ተቆርጧል፣ አዳራሹ ተይዟል፤ የቀረው ይህ ማዕድ ብቻ ነው። ብዙ ጋብቻ የፈረሰውም እዚያው ማዕድ ላይ ነው። ጠዋት ክራቫቱን እያሰርኩለት አስማልኩት። ስለ አየሩ ብቻ ነው የምታወራው አልኩት። በዚህ ወቅት ስላለው አየር አንድ ደስ የሚል አባባል እንዳለ ሊነግረኝ ሲጀምር ክራቫቱን ጠበቅ አደረግኩት። "'ይበርዳል' ትላለህ" አልኩት። "ከዚያ ትበላለህ።"

እውነቱን ለመናገር፣ የተጠበሰው ዓሣ እስኪመጣ ድረስ አላሳፈረኝም። ይበርዳል አለ፣ በላ። ኩክ ፊቱ በባሕር ነፋስ የተቃጠለ፣ ከሞተር ድምፅ ጋር ሲጮህ ኖሮ ቀስ ብሎ መናገር የረሳ ሰው ነው። መጠጥ ቀዳለትና ልጃችንን አመሰገነ፤ አውሎ ነፋሱ በመጣ ጊዜ ዩንቴ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ማሽናቸውን እንደጠገነ፣ ሳንቲም አልቀበልም እንዳለ ነገረን። ደግ ሰው ነው፤ "አመሰግናለሁ" ቢባል በቂ ነበር። ሙንሆ ግን ልጁ ሲመሰገን ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ሥርዓቱ ዝቅ አድርገው ይላል። ጽዋውን አስቀመጠ። ወገቡን ቀጥ አደረገ። ክቱን ለበሰ ማለት ነው።

"ሳዶን" አለ፤ የተጋቢዎች ወላጆች እርስ በርስ የምንጠራራው እንዲህ ነው። "ጋዶናችን ብዙ ይጎድለዋል። የጎደለውን እርስዎ ይሙሉልን።"

ኩክ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀረ። ሚስቱ መብያ እንጨቶቿን አጋድማ ወደ በሩ ተመለከተች። ናሪ እስከ ጆሮዋ ቀላች። እኔ ዓሣው ሽታ ያመጣ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ጆሮዬ ጋዶንን ስለለመደው፣ እነሱ ምን እንደሰሙ በሐሳቤም አልመጣ። ኩክ "እናስብበታለን" አለ። ፍራፍሬው ሳይቀርብ ተነሱ። ሙንሆ እየሄድን ሳለ "መልካም ማዕድ ነበር" አለኝ።

በማግስቱ ዩንቴ ደወለ።

"እማ፣ አባባ ስንት ነው የጠየቀው?"

"ምኑን?"

"ገንዘቡን።"

ያኔ ገባኝ። እነዚያ ሰዎች የሰሙት "ገንዘባችን ብዙ ይጎድላል፣ እርስዎ ይሙሉልን" የሚል ነው። ልጅ ለመዳር መጥተው፣ ገና ዓሣው ሳይበላ፣ የሙሽራው አባት እጁን ዘረጋባቸው። ኩክ ቤቱ ገብቶ ለገንዘብ የሚያገቡ ከሆነ ባንክ ያግቡ ብሏል። ሠርግ የሚባል ነገር የለም ብሏል። ናሪ ዩንቴም ያውቅ ነበር ብላ ስልክ አታነሳለትም። ልጄ አልጮኸብኝም፣ አባቱንም አልረገመም። "በቃ ተይው እማ" ብሎ ዘጋው። ያ "ተይው" አንጀቴን ቆረጠው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ሰውዬ ግን ከአፋፉ ላይ ሰው ነው የሚገፈትረው።

ሙንሆ ነገሩን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ጋዶንን የማያውቅ ሰው እንዴት ልጅ ይድራል አለኝ። አበባ እየቆረጥኩ ነበር፤ መቀሱን ሆን ብዬ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ስህተቱ የመስማት እንጂ የመናገር እንዳልሆነ ያብራራልኝ ጀመር። "የዩንቴ አባት፣ ለሰሚ የማይገባ ንግግር ሳል ነው" አልኩት። ተኮራርፈን ሰነበትን። ከዚያ ደብዳቤ ልጻፍለት አለኝ፤ በብሩሽ፣ በወፍራሙ ወረቀት። ብሩሹን ደበቅኩት። ኩክ ያን ደብዳቤ ቢያገኘው ዓሣ ነው የሚጠቀልልበት። የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ፣ አንድ ካርቶን ፖም ገዛሁ፣ ባሌን ከፊት ለፊቴ አስቀድሜ ወጣሁ።

ጉርዮንግፖ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ኩክ ጓንት አጥልቆ ዓሣውን ለነፋስ ገመድ ላይ ይሰቅላል። ሲያየን ጎንበስ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሙንሆ ፖሙን መሬት ላይ አኑሮ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ ጀመረ። ያለውን ልድገመው ብል አልችልም፤ ግማሹን እኔ ሚስቱ ሰምቼው አላውቅም። የይቅርታ ቃል የሚባል በሀገራችን ካለ ሁሉንም በዚያ ወደብ ላይ አፈሰሰው። ኩክ አንዷን ዓሣ በእጁ እንዳንጠለጠለ ቆሞ አዳመጠ። ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አሉ?"

"ይቅርታ አለ" አልኩት።

"ይህን ሁሉ ተናግረው?"

"ይህን ሁሉ ተናግሮ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ለሙንሆ አልተውኩለትም። ገንዘብ እንዳልጠየቀ፣ ጋዶን የድሮ ቃል እንደሆነ፣ ትርጉሙም የቤቴ አሳማ እንደሆነ፣ የጎደለውም ገንዘቡ ሳይሆን ልጁ እንደሆነ ዘርዝሬ ነገርኩት። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ኩክ ጓንቱን አወለቀ።

"ገንዘብ ቢሆን ይሻል ነበር" አለ። "ገንዘብ ሁሉም ይጎድለዋል። ልጁን በሰው ፊት አሳማ የሚል አባት ቤት ነው ልጄን የምልካት?"

"እርስዎን ለማክበር ነው" አለ ሙንሆ። ከመደንገጡ የተነሳ እንደ ሰው ተናገረ።

ኩክ እሱን ለማክበር የገዛ ልጅ መዋረድ እንደሌለበት ነገረው፤ እዚያ ባሕር ዳር ሰው ጥሩ ልጅ ካለው ጥሩ ነው ይላል፣ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ዝም ይላል። ከዚያ ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ማድረግ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

"ሳዶን፣ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ዩንቴ ምን ዓይነት ሰው ነው? ፊደል ያልቆጠሩት እናቴ በሚገባቸው ቃል ይንገሩኝ።"

ሙንሆ ቃል ሲያጣ ያን ቀን አየሁ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደገና አደረገ። የልጄ ትዳር ያለው በዚያ አፍ ውስጥ ነው፤ የአገር ቃል ሁሉ የሞላበት አፍ "ጥሩ ነው" ማለት አቅቶት ቆሟል። ልቆነጥጠው እጄን አዘጋጅቼ ነበር።

"እናቴ ከመሞቷ በፊት ቃል ሁሉ ጠፍቶባት ነበር" አለ በመጨረሻ፤ ዓሣዎቹን እያየ ነው የሚያወራው። "እኔ ሳናግራት ትፈራኝ ነበር። ልጁ ግን ከትምህርት ቤት ይመጣና አጠገቧ ይቀመጣል። 'አያቴ፣ በረደሽ?' ይላታል። 'በረደኝ' ትለዋለች። ካልሲ ያደርግላታል። በየቀኑ ነው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማቸው ነበር።" ገመዱ ላይ የዞረችውን አንዷን ዓሣ አቃናት። "ጥሩ ልጅ ነው። ከእኔ ይሻላል።"

ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ተናደድኩ። አማቴን ያጠብኩት እኔ፣ እዚያው ቤት የኖርኩት እኔ፣ ይህ ሰው በሩ ጋ ቆሞ እንደሚሰማ ግን አላውቅም ነበር። ይህን በሆዱ ይዞ ነው ልጄን በእንግዳ ሁሉ ፊት አሳማ ሲለው የኖረው። "ለማን?" ብሎ የጠየቀኝ ልጅ መልሱን ከእኔ አጥቶ ሲያድግ፣ መልሱ ከባሌ ጋር አንድ ትራስ ላይ ይተኛ ነበር። ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ አለቀስኩ። የንዴት እንባ ነው።

ኩክ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። ይህን ያን ቀን ቢሉኝ ኖሮ ያ ዓሣ ሳይበላ ባልቀረ አለ። ከዚያ ሾርባ እንዳለ ነገረንና የፖሙን ካርቶን አንስቶ አስገባን። ናሪ ከዓሣ መስቀያው ኋላ ቅርጫት ይዛ ቆማ ኖሯል። ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ወደ ጀልባዎቹ ስትሄድ አየኋት፤ ለማን እንደምትደውል መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ታርሟል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሾርባውን ቀምሶ ያንኑ የድሮ የጨው ቃል አወጣው። ዓይኔን ጨፈንኩ። የናሪ እናት ግን ምንም ሳትጠይቅ ጨዉን አቀበለችው። እንዴት እንደገባት ብጠይቃት ገረማት። "ሾርባ ቀምሶ እጁን የዘረጋ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?" አለችኝ።

በፀደይ ተጋቡ። የአዳራሹን አበባ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሪባኑ ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን ናሪ እንድትመርጥ አደረግኩ፤ "እንኳን ደስ አላችሁ" ብቻ አለች። ሙንሆ እያማጠ ጻፈው። የአባቶች ንግግር ሲደርስ ኩክ ሱፉ ትከሻው ላይ እየጠበበው ወጥቶ ማይክሮፎኑን ሁለት ጊዜ እፍ አለበት።

"ብዙ አላወራም" አለ። "ሰው ይህን ልጅ አማችህ ይለኛል። እኔ ከሳዶን አንድ ቃል ተምሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ዩንቴ የእኔም ጋዶን ነው። ብዙ ይጎድለዋል። እኛ እንሞላለን።"

ከባሕር የመጡት እንግዶች ስለ ገንዘብ ነው እንዴ የሚያወራው ብለው ተንሾካሾኩ። የእኛ የአንዶንግ ሽማግሌዎች ደግሞ ተያዩ፤ ጋዶን ማለት የሚችለው የወለደ አባት ብቻ ነው፣ አማች በዚያ ስም አይጠራም። የሙንሆ አንገት ቀጥ አለ። ያን አንገት አውቀዋለሁ፤ የቀብር ጸሎት አስቁሞ መነኩሴ ያረመ አንገት ነው። ተረከዜን እግሩ ላይ አኑሬ ጠበቅኩ። መድረኩ ላይ ዩንቴ ኩክን አይደለም የሚያየው፣ አባቱን ነው። ናሪ የወደቡን ነገር ነግራዋለች ማለት ነው። ሙንሆ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ፣ አልተነሳም። ልጄ ሳቀ። አፉን ከፍቶ ሲስቅ ያየሁት ከልጅነቱ ወዲህ ያን ቀን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሙንሆ ክራቫቱን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ ጠቀለለው። እኔ ስጠብቀው ነበር፤ ከአዳራሹ ጀምሮ መልሴን ስሞርድ ነው የመጣሁት።

"ሳዶን ቃሉን ያለቦታው ነው ያዋለው" አለኝ።

"አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አላረምከውም?"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ልክ ነበር" አለኝ።

ከዚያ ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አንቀላፋ። የሞረድኩት መልስ አፌ ውስጥ ቀረ። እስካሁን ያናድደኛል።